የጎልማሶችን የመማሪያ ክፍል ማደራጀትና መምራት፦ ለአመቻቾች የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በገጠር ቀበሌ ወይም በአነስተኛ ከተማ ፊደል ለሚጀምሩ ጎልማሶች ክፍል ለሚከፍት አመቻች ነው። በ2000 ዓ.ም. ከወጣው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂ ወዲህ የተስፋፋው ተግባር ተኮር ትምህርት ማንበብን፣ መጻፍንና ማስላትን ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራዎች ጋር አዋሕዶ መስጠትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ስለ ይዘቱ የተዘጋጁ መጻሕፍትና ሥልጠናዎች አሉ። ብዙም የማይነገርላቸው ግን ሰዎቹ የሚቀመጡበት መደብ፣ የሚጠሩበት ስም፣ የሚመጡበት ሰዓትና የሚያነቡበት ብርሃን ናቸው። በመስከረም ወር 30 ሰው የመዘገበ ክፍል በጥር ወር 8 ሰው ብቻ ይዞ ሲቀር፣ ምክንያቱ በአብዛኛው ከእነዚህ የአንዱ መጓደል እንደሆነ በአመቻችነትም፣ በኋላም ክፍሎችን እየዞርሁ በምከታተልበት ጊዜ ደጋግሜ አይቻለሁ። ቤተሰብ ያስተዳደረ፣ ጎረቤት ያስታረቀ፣ ልጅ የዳረ ሰው የፊደልን ድካም ሊሸከም የሚችለው በሰው ፊት ክብሩ እንደማይነካ እርግጠኛ ሲሆን ነው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ የሚነሡት ከዚህ ነው።

ሀ. ከመመዝገብዎ በፊት ቤት ለቤት ይጠይቁ

በቀበሌ ስብሰባ ላይ «ማንበብና መጻፍ የማይችል እጁን ያውጣ» ተብሎ የሚደረግ ምዝገባ ክፍሉን ከመከፈቱ በፊት ያበላሸዋል። እጁን ያወጣው ሰው በልጆቹና በአማቾቹ ፊት ጉድለቱን እንዲናገር ተገዷል፤ እጁን ያላወጣውም ከዚያ በኋላ ሊመጣ አይችልም፤ ምክንያቱም ቢመጣ በስብሰባው ላይ መዋሸቱ ይታወቅበታል። ስለዚህ ምዝገባውን በየቤቱ እየሄዱ ያካሂዱ፤ ቢቻልም አካባቢውን የሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ወይም የእድሩን ዳኛ፣ ይዘው ይሂዱ። ከሰላምታና ከቡና በኋላ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ማንበብ ቢችሉ መጀመሪያ ሊያነቡ የሚፈልጉት ምን እንደሆነ፣ በሳምንቱ ውስጥ እጃቸው ከሥራ የሚፈታው መቼ እንደሆነ፣ አብረው መቀመጥ የሚከብዳቸው ሰው ይኖር እንደሆነ።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ የትምህርቱ ይዘት ነውና ቃል በቃል ይጻፉት። አንዱ የማዳበሪያ ብድር የፈረመበትን ወረቀት፣ ሌላው ዳዊት፣ ሌላዋ የልጇን የክትባት ካርድ ማንበብ ይፈልጋሉ። አንዲት እናት ልጃቸው ከዐረብ አገር በስልክ የምትልክላቸውን መልእክት ለማንበብ እንደሚፈልጉ ሲነግሩኝ፣ «ምስጢሬን ሁሉ የጎረቤት ልጅ እያነበበልኝ እስከ መቼ!» ብለዋል። ይህን የሰማ አመቻች የመጀመሪያ ትምህርቱን ምን ላይ እንደሚያደርግ ሌላ ሰው ሊነግረው አያስፈልግም። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ትንሽ ይመስላል እንጂ ክፍል ያፈርሳል፤ ምራት በአማቷ ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር በምታፍርበት አካባቢ ሁለቱን በአንድ ክፍል ማስቀመጥ ምራቲቱን ዝም ማሰኘት ነው። በድንበር የተካሰሱ ጎረቤታሞችንም እንዲሁ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

በዚህ ጥየቃ ወቅት ለብቻቸው ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ሰዎች አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረውና እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ትምህርት የተሰጠበት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ለብዙ ሰው ፊደል አስተምሯል፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሚያነበው ነገር ያላገኘ ሰው ቀስ በቀስ ረስቶታል። የምስክር ወረቀቱን በሣጥን ያስቀመጠ፣ ነገር ግን ዛሬ ማንበብ የማይችል አዛውንት ኀፍረቱ እጥፍ ነው። ከጀማሪዎች ጋር «ሀ» ከሚባልበት አግዳሚ ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ እነዚህን ሰዎች ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ለብቻቸው ሰብስቦ የቀድሞውን ማስታወስ ይሻላል። የረሱት ነገር ሲመለስላቸው ደግሞ ከማንም በላይ ረዳት የሚሆኑት እነርሱ ናቸው።

በአንድ ክፍል ከ25 ሰው በላይ አይመዝግቡ። የሚላክልዎት ዕቅድ ከዚህ ከፍ ያለ ቁጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ሆኖም በሁለት ሰዓት ውስጥ ከእያንዳንዱ ሰው አጠገብ ጎንበስ ብለው ሥራውን ማየት ካልቻሉ ክፍሉ የስብሰባ እንጂ የመማሪያ ቦታ አይሆንም።

ለ. ሰዓቱን ከሥራቸውና ከበዓላቸው ጋር ያስማሙ

የሰዓት ሠሌዳውን ቢሮ ተቀምጠው አያውጡ። በአብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ አካባቢ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የእርሻና የአረም፣ ከኅዳር እስከ ጥር የአጨዳና የውቂያ ወቅት በመሆኑ፣ በሳምንት ሦስት ቀን የሚሰጠውን ትምህርት በእነዚህ ወራት ወደ አንድ ቀን ዝቅ ያድርጉት እንጂ ፈጽሞ አይዝጉት፤ የተዘጋ ክፍልን እንደገና መክፈት አዲስ ከመክፈት ይከብዳልና። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ግን የተሻለ ነፃ በመሆኑ ከባዱን ክፍል ለዚያ ያቆዩት።

የክርስቲያን ገበሬ በማይርስባቸው ቀናት፣ ለምሳሌ በ12 በሚካኤል፣ በ21 በማርያም፣ በ27 በመድኃኔዓለም፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚገኘው ሰዓት እጅግ ምቹ ነው፤ ሰውየው ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ከሰው ጋር ለመዋል ተዘጋጅቶ ይመጣል። ሙስሊሞች በሚበዙበት ወይም ሁለቱም ባሉበት ክፍል ደግሞ የጁምዓን ሰዓትና የረመዳንን ወር ከወዲሁ አስበው ይያዙ፤ በጾም ወር የማታ ትምህርት ከአፍጥር ጋር ስለሚጋጭ ወደ ጠዋት ማዛወር ያስፈልጋል። የገበያን ቀን በፍጹም አይንኩ። ለሴቶች የሚመቸው ሰዓት ከወንዶች የሚለይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለወንዶች የሚመቸው ከምሽቱ 1 ሰዓት ለሴቶች የእራትና የከብት ማስገቢያ ሰዓት ነው። ሁለቱን ማስማማት ካልተቻለ በሴቶቹ ሰዓት ይሂዱ፤ ምክንያቱም ወንዱ ሰዓቱን ሊያዛውር ሲችል እናቲቱ ብዙውን ጊዜ አትችልም።

ሐ. ቦታውን ለጎልማሳ አካል ያዘጋጁ

አብዛኛው የጎልማሶች ክፍል የሚካሄደው ልጆች በሚማሩበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። የ50 ዓመት ሰው ለሰባት ዓመት ልጅ በተሠራ ዴስክ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከጣውላው ሥር አይገባም፤ ስለዚህ ወደ ጎን ዞሮ፣ ወገቡን አጣሞ፣ ደብተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ይጽፋል። ይህን ለአንድ ሰዓት ከታገሠ በኋላ ጀርባውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በሚቀጥለው ቀንም አይመጣም። ሲጠየቅ ግን የሚናገረው ስለ ወገቡ አይደለም፤ «ትምህርት ለልጅ ነው» ይላል። ዴስኮቹን ወደ ግድግዳ ገፍተው ረዣዥም አግዳሚዎች ያስገቡ፤ እነዚህ ከሌሉ እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ በርጩማ ይዞ እንዲመጣ ይስማሙ፤ ለመጻፊያ ደግሞ በጭን ላይ የሚያርፍ፣ ከደብተር ትንሽ ሰፋ ያለ ጣውላ ያዘጋጁ። የእድር አዳራሽ፣ የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም ጥላው ሰፊ የሆነ ዋርካ ሥር ከመማሪያ ክፍሉ የተሻለ ከሆነም ወደዚያ መሄድ ይቻላል።

አቀማመጡን በግማሽ ክብ ያድርጉት። በተርታ የተቀመጠ ሰው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባና አመቻቹን ብቻ ስለሆነ ክፍሉ ሲጀመር እንደ ፍርድ ቤት ዝም ይላል፤ በግማሽ ክብ የተቀመጡ ሰዎች ግን ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ለቡና እንደተሰበሰቡ ሁሉ መነጋገር ይቀናቸዋል። ጥቁር ሰሌዳውን ከመስኮት ትይዩ አያድርጉ፤ ብርሃኑ ያንጸባርቅበታል። በማታ ለሚሰጥ ትምህርት አንድ ፋኖስ ለ25 ሰው አይበቃም፤ በፀሐይ የሚሠሩ ቢያንስ አራት መብራቶች ያስፈልጋሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ሰሌዳው ላይ፣ ሌሎቹ በተቀመጡት መካከል ይሁኑ። የሚያጠቡ እናቶች ያሉበት ክፍል ከበሩ አጠገብ ንጹሕ ምንጣፍ የተነጠፈበት ጥግ ይኑረው፤ ሕፃን ያለቀሰባት እናት ወጥታ ቶሎ መመለስ የምትችለው ከበሩ አጠገብ ስትሆን ነው።

ከሁሉም በላይ ዓይንን ያስቡ። ከ40 ዓመት ግድም ጀምሮ የዓይን ሌንስ የመለጠጥ ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ በቅርብ ያለ ጽሑፍ ይደበዝዛል፤ ይህ የሁሉም ሰው ዕጣ ነው፤ ነገር ግን አንብቦ የማያውቅ ሰው ዓይኑ እንደደከመ የሚያውቅበት አጋጣሚ የለውም። ስለዚህ በምዝገባው ጊዜ ሁሉንም፣ «መርፌ ላይ ክር የሚያስገባልዎት ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። «ልጄ» የሚል መልስ ከሰጡ በቅርብ ማየት እንደሚያስቸግራቸው ሊጠረጥሩ ይገባል። በአንድ ክፍል ያገኘኋቸው የ50 ዓመት ሴት ለአራት ወር ያህል በየቀኑ ሳይቀሩ መጥተው «በ»ን ከ«ሰ» መለየት አቅቷቸው፣ «የእኔ ጭንቅላት አይቀበልም፤ ዘመኔ አልፏል» ማለት ጀምረው ነበር። ጤና ጣቢያ ሄደው ዓይናቸውን ታይተው መነጽር ሲያጠልቁ መጀመሪያ የተመለከቱት ደብተሩን አልነበረም፤ እጃቸውን አገላብጠው የመዳፋቸውን መስመሮች ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በኋላ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከክፍሉ ጋር ተስተካከሉ። የጠፉት አራት ወራት የእኔ ጥፋት ናቸው፤ የማስተማሪያ ዘዴውን ስለዋውጥ ቆየሁ እንጂ ዓይናቸውን አልጠየቅሁም ነበር። የማንበቢያ መነጽር ቁጥሩ ከሰው ሰው ስለሚለያይ ከገበያ በግምት ከመግዛት አስቀድሞ ማስመርመር ይመረጣል፤ ዓይናቸው የሚያለቅስ፣ የቀላ ወይም ነጭ ሞራ የታየባቸውን ደግሞ ትራኮማ ወይም የዓይን ሞራ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና ይላኳቸው።

መ. የመጀመሪያውን ቀን ያለ ፈተና ያሳልፉት

በመጀመሪያው ቀን ማንም ሰው ወደ ሰሌዳ አይውጣ፤ ማንም «ይህን ታውቃለህ?» ተብሎ አይጠየቅ። ሲገቡ ተነሥተው ይቀበሏቸው። በዕድሜ ከእርስዎ የሚበልጡትን ሁሉ በ«አንቱ» ወይም በ«እርስዎ» ያነጋግሩ፤ በአካባቢው እንደሚጠሩበት ጋሼ፣ እትዬ፣ መምሬ፣ ሼህ፣ እማሆይ እያሉ ይጥሯቸው። አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ አመቻች የሆነ ወጣት የ60 ዓመት ሰውን «አንተ» ብሎ የጠራበት ክፍል ሁለተኛ ሳምንቱን አያይም። ስም ጥሪንም እንደ ተማሪ ቤት ጮኾ ከማካሄድ ይልቅ የመጣውን ሰው በዓይን እያዩ በመዝገብ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

ሥራውን የሚጀምሩት ሰዎቹ ከሚያውቁት ነገር ነው። አሜሪካዊው የጎልማሶች ትምህርት ሊቅ ማልኮም ኖውልስ ጎልማሳ የራሱን የሕይወት ልምድ ይዞ እንደሚመጣ፣ የሚማረውም አሁን ለገጠመው ችግር እንዲጠቅመው እንደሆነ አጥብቆ ያስተምር ነበር፤ ይህ ሐሳብ ለእኛ አመቻቾች ትርጉም የሚኖረው በዚህች የመጀመሪያ ሰዓት ነው። ለምሳሌ ስለ ዘር ምርጫ፣ ስለ ጠላ አጠማመቅ ወይም ስለ ከብት በሽታ አንድ ጥያቄ ያንሡና አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ያስረዳ፤ ከተናገሩት ውስጥም ሁለት ወይም ሦስት ቃላት ሰሌዳ ላይ በትልቁ ይጻፉና፣ «አሁን የተናገሩት ይህ ነው፤ እንዲህ ይጻፋል» ብለው ያሳዩ። ከመለያየታቸው በፊት ለእያንዳንዱ ሰው ንጹሕ ወረቀት ይስጡና የፈለገውን ምልክት እንዲያደርግበት ይጠይቁ፤ አንዱ መስመር ይጥላል፣ ሌላው ጣቱን በቀለም ነክሮ ያትማል፣ ሌላው መስቀል ወይም የቤት ሥዕል ይሠራል። ወረቀቶቹን በየስማቸው በጥንቃቄ ያስቀምጡ።

ሠ. ፊደልን ከሕይወታቸው ቃል ያስጀምሩ

ብራዚላዊው የትምህርት ሊቅ ፓውሎ ፍሬሬ እ.ኤ.አ. በ1963 አንጊኮስ በተባለች ከተማ 300 ያህል ሰዎችን ከራሳቸው ኑሮ በወጡ ጥቂት ቃላት ማንበብ ያስጀመረበት መንገድ በብዙ አገሮች ተሠርቶበታል። ለአማርኛ ደግሞ ይህ መንገድ ልዩ ምቾት አለው፤ ምክንያቱም የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ቤተሰብ ሰባት ድምፆች ስላሉት፣ አንድ ቃል ሲከፈት ሙሉ ቤተሰቦችን ይዞ ይወጣል። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን 231 ፊደል በተርታ ማስጠናት ለልጅ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የዋለ ሰው ግን የሚጠቅመውን ቃል እስኪያነብ ያን ሁሉ መጠበቅ የለበትም።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአካባቢው ሰው ስለ ማሳው ሲነጋገር ከቆየ በኋላ «ማሳ» የሚለውን ቃል ይጻፉ፤ «ማ» እና «ሳ» ብለው ይለያዩት። ከዚያም ከ«መ» እስከ «ሞ»፣ ከ«ሰ» እስከ «ሶ» ያሉትን 14 ፊደላት በሁለት ተርታ ጽፈው ያንብቡ፤ ሰዎቹም ደጋግመው ይበሉ። ቀጥለው፣ «ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን አጋጥማችሁ ምን ቃል ልታወጡ ትችላላችሁ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ጥቂት ጊዜ ይፈጃል። ከዚያ አንዱ «ሰም» ይላል፤ ሌላዋ «ሰማ» ትላለች፤ አንድ ሰው «ስም» የሚለውን ሲያገኝ ደግሞ ክፍሉ ይለወጣል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ወደዚህ የመጡት ስማቸውን ለመጻፍ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ «ረ»ን ከቤተሰቡ ጋር ሲጨምሩ ማር፣ ራስ፣ ምስር፣ መስመር ይገኛሉ፤ «በ» ሲጨመር በር፣ ብር፣ በሬ፣ ሰባራ ይመጣሉ። በአራት ቤተሰቦች፣ ማለትም በ28 ፊደላት ብቻ፣ ስለ ማሳና ስለ በሬ አጭር ዓረፍተ ነገር ማንበብ ይቻላል። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን «ሠ»ን፣ «ሐ»ን፣ «ኀ»ን፣ «ዐ»ን እና «ፀ»ን ለኋላ ያቆዩአቸው፤ በመጀመሪያው ወር «ይህም ሰ ነው፣ ያም ሰ ነው» ማለት ግራ ከማጋባት በቀር የሚያተርፈው የለም። በስሙ ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ያለበት ሰው ግን የራሱን ከመጀመሪያው በትክክል ይማር።

እጅንም ማሠልጠን ያስፈልጋል። እርፍ ጨብጦ፣ ሙቀጫ ወቅጦ የኖረ እጅ እርሳስን እንደ እርፍ አጥብቆ ስለሚይዝ የእርሳሱ ጫፍ በየደቂቃው ይሰበራል፤ ሰውየውም በተሰበረ ቁጥር ያፍራል። በመጀመሪያው ሳምንት በተጠረገ መሬት ላይ በእንጨት ወይም በከሰል፣ ቀጥሎ በጠመኔ፣ ከዚያ በኋላ በእርሳስ እንዲጽፉ ያድርጉ፤ ሁልጊዜም አምስት ስድስት የተቀረጹ እርሳሶች በኪስዎ ይያዙና የተሰበረበት ሰው ሳይጠይቅ ይለውጡለት። ሰፌድ የምትሰፋ ወይም ጥልፍ የምትጠልፍ ሴት ካለች ደግሞ ቅርጽ መከተልን ከማንም በፊት ታውቃለች፤ «መ»ን ለመጻፍ እጇ እንዴት እንደሚዞር እርስዋ ራሷ ለጎረቤቷ ታሳያት።

ረ. ቁጥርን ከገበያ ያምጡ

በሒሳብ ረገድ ጎልማሳው ጀማሪ አይደለም፤ የማያውቀው አጻጻፉን ነው። እንቁላል የሚሸጡ እናት አንዱ በ15 ብር ቢሆን 12 እንቁላል ስንት እንደሚያወጣ በቃላቸው ሲያሰሉ፣ «አሥሩ መቶ ሃምሳ፣ ሁለቱ ሠላሳ» ብለው 180 ላይ ይደርሳሉ። እርስዎ የሚሠሩት ይህንኑ መንገድ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ነው፤ የመጽሐፉን መንገድ ጊዜው ሲደርስ ያሳዩ። ሽልንግና ስሙኒ የሚሉት ቃላት ለክፍልፋይ ትምህርት የተዘጋጁ ያህል ይጠቅማሉ፤ ሁለት ሽልንግ ወይም አራት ስሙኒ አንድ ብር እንደሚሆን ለማንም ማስረዳት አያስፈልግምና፣ 0.50ን እና 0.25ን ከእነርሱ ጋር አያይዞ ማስጻፍ ይቻላል።

ስልክ ያለው ሰው ስልኩን ይዞ ይምጣ። መጀመሪያ የራሱን ቁጥር ማንበብና መጻፍ፣ ቀጥሎ በ*804# ቀሪ ሒሳቡን ማየት፣ ከዚያ ቴሌብር የሚጠቀም ከሆነ በ*127# የሚመጣውን ዝርዝር ማንበብ ይማር። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ የምስጢር ቁጥሩን በሚያስገባበት ጊዜ እርስዎ ፊትዎን ያዙሩ፤ ቢለምንዎትም አያስገቡለት። ለዓመታት ምስጢር ቁጥሩን ለሌላ ሰው ሲሰጥ የኖረ ሰው የመጀመሪያ ነፃነቱ ይህች ናት።

ሰ. ስሕተትን በጸጥታ ያርሙ

በቀይ ቀለም «ኤክስ» አይሥሩ። የጎደለውን ፊደል ራስዎ በጎን በትክክል ይጻፉና ሰውየው እንዲያስተያይ ጊዜ ይስጡት። ሲያርሙ በላይ ቆመው አያርሙ፤ ከአጠገቡ ቁጢጥ ብለው፣ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ለእርሱ ብቻ ይንገሩ። ጮኾ ማንበብን በመጀመሪያ በጋራ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በመጨረሻ ደግሞ ለብቻው ሊያነብ የፈለገ ሰው ራሱ ሲጠይቅ ያድርጉት። እንደ ሕፃን «ጎበዝ፣ አጨብጭቡለት!» ማለትም አንዳንዶችን ያስደስታል፣ ብዙዎችን ግን ያሳፍራል፤ «ይህችን መስመር ከትናንቱ አቃንተው ጽፈዋታል» ብሎ የሠሩትን ነገር በስሙ መጥራት ይበልጣል። ልጆች በመስኮት የሚያዩበት ክፍል ከሆነ መስኮቱን በጨርቅ ይጋርዱ። የገዛ ልጁ እያየው የተሳሳተ አባት ሲመለስ አላየሁም።

ሸ. መቅረትን፣ ሐዘንንና ጠብን የሚያስተናግዱበትን መንገድ አስቀድመው ይወስኑ

ሁለት ጊዜ በተከታታይ የቀረን ሰው ቤቱ ሄደው ይጠይቁ፤ በሰው ፊት «ለምን ቀሩ?» አይበሉ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ፣ የከብት መጥፋት ወይም እንግዳ ነው፤ አንዳንዴ ግን በክፍሉ የተነገረ አንድ ቃል ይሆናል፤ ያንን የሚሰሙት ቤቱ ሲሄዱ ብቻ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ ዘመድ ቢሞትበት ትምህርቱን አቋርጠው ከክፍሉ ጋር ለቅሶ ይድረሱ። ለቅሶ ያልደረሰ አመቻች በዚያ ቀበሌ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ የደረሰ ግን ሰዎቹ ከሣልስት በኋላ ራሳቸው ወደ ክፍል ይመለሱለታል። ጠብ ከተነሣ ፈራጅ አይሁኑ፤ በክፍሉ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ጉዳዩን ከትምህርት ሰዓት ውጪ እንዲይዙት ይጠይቁ። የራስዎ አበል የዘገየበት ወር ቢያጋጥምም፣ ክፍሉን መዝጋት ግድ ቢሆንብዎት እንኳ ሳያስታውቁ አይቅሩ፤ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በእግሩ መጥቶ የተቆለፈ በር ያገኘ ሰው ሁለተኛ አይመጣምና።

ቀ. የሚያነቡትን ነገር ከትምህርቱ ጋር አብረው ያዘጋጁ

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ትምህርት የተረሳው ስላልገባ አይደለም፤ ከፊደሉ በኋላ በእጅ የሚያዝ ጽሑፍ ስላልነበረ ነው። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ የእድሩን መዋጮ መዝገብ በየተራ እንዲጽፉ ከእድሩ ጋር ይስማሙ፤ የዕቁቡን ዕጣ ዝርዝር፣ የጤና ኬላውን ማስታወቂያ፣ የማዳበሪያውን ከረጢት ጽሑፍና ክብደት ያስነብቡ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ ደግሞ ራሳቸው የተናገሯቸውንና እርስዎ የጻፉላቸውን አጫጭር ታሪኮች ይለጥፉ፤ ሰው የራሱን ቃል ደጋግሞ ለማንበብ አይሰለችም።

በስድስተኛው ወር መጨረሻ ለእያንዳንዱ ሰው ወረቀትና እርሳስ ይስጡና ሙሉ ስሙን፣ የቀበሌውን ስምና በዚያ ሳምንት ያደረገውን አንድ ነገር እንዲጽፍ ይጠይቁ። ሲጨርስ በመጀመሪያው ቀን ያስቀመጡለትን ወረቀት ያውጡና ከአዲሱ ጎን ያድርጉለት። ምንም ማብራሪያ አይጨምሩ፤ ሁለቱን ወረቀቶች ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድ።